በሳይበርፐንክ ከተማ ውስጥ የቀጥታ ሙዚቃ የምሽት ክለብ እንዴት ይፈጠራል? ለደራሲያን፣ ለኮሚክ ሠዓሊዎችና ለጌም ሠሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የሳይበርፐንክ ዓለምን፣ ማለትም ቴክኖሎጂው የረቀቀ ኑሮው ግን የከፋ የወደፊት ከተማን፣ የሚፈጥር ደራሲ፣ ሠዓሊ ወይም ጌም ሠሪ ይዋል ይደር እንጂ የምሽት ክለብ ማስፈለጉ አይቀርም። ገጸ ባሕርያት የሚገናኙት፣ ምስጢር የሚሸጠው፣ ጠብ የሚጫረውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ክለቦች ብዙዎቹን አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል፤ ሁሉም ሐምራዊ መብራት፣ ጭስ፣ ከጀርባ የሚደልቅ ሙዚቃና ባንኮኒ ላይ የተደገፈ የብረት ክንድ ያለው ሰው አላቸው። ሙዚቃው ጨርሶ ቢጠፋ ታሪኩ ላይ የሚደርስ ለውጥ የለም። የዚህ መመሪያ ሐሳብ አንድ ነው፤ የቀጥታ ሙዚቃ የሚቀርብበት ክለብ መፈጠር ያለበት ከድምፁ ተነሥቶ ነው፤ ግድግዳው፣ ሕዝቡ፣ ገንዘቡና ሥጋቱ ድምፁን ተከትለው ይምጡ። የኒዮን መብራቱ የሚሰቀለው ወደ መጨረሻው ነው።

ለሥራው ወረቀት፣ እርሳስና ማስመሪያ ይበቃሉ። ሥዕል የማይሆንልዎት ቢሆን እንኳ የክለቡን የወለል ፕላን በልኬት መሥራት አይለፍዎት፤ በኋላ የሚመጡት ውሳኔዎች አብዛኞቹ በሜትር የሚለኩ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሙዚቃው ለምን በቀጥታ እንደሚቀርብ ይወስኑ

ማሽን ለእያንዳንዱ አድማጭ የሚስማማ ዜማ በቅጽበት በሚፈጥርበት ከተማ ውስጥ፣ አንድ ሰው በዝናብ መጥቶ፣ ተሰልፎና ከፍሎ የሌላ ሰው ጣት ክር ሲመታ የሚያይበት ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አይሂዱ፤ የክለቡ ቦታ፣ የመግቢያው ዋጋ፣ የፖሊስ አመለካከትና የሙዚቀኞቹ ክብር ሁሉ ከመልሱ የሚመነጩ ናቸውና።

መልሶቹ ብዙ ናቸው። በኔትወርክ የሚተላለፍ ድምፅ ሁሉ ባለቤት ባለበት ከተማ ነጻ የሚሆነው ያልተቀዳ ሙዚቃ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለው ክለብ በሩ ላይ ምልክት የሌለው፣ ስልክም ሆነ ዓይን ውስጥ የተተከለ ካሜራ ሳይዘጋ የማያስገባ ቤት ይሆናል። በሌላ ከተማ ደግሞ ሊባዛ የማይችል ነገር የሀብታሞች መለያ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ክለቡ የሚገኘው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ አናት ላይ ነው፤ ሙዚቀኛውም የተከበረ፣ ነገር ግን የተገዛ ሰው ነው። እኔ በበኩሌ ከሁሉ የሚበልጠው ከሰውነት የሚነሣው ምክንያት ነው ባይ ነኝ። የ40 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ ጆሮ ውስጥ በሚገባ ትንሽ መሣሪያ ሊሰማ ይችላል፤ ደረትን ግን አይነቀንቅም። ደረትን የሚነቀንቅ ድምፅ ትልቅ ስፒከር፣ ሰፊ ክፍልና ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ በጠባብ ክፍሎች ተደራርበው የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ ሦስቱም የሏቸውም። ወደ ክለቡ የሚመጡት ለዚህ ነው። ይህ መልስ የተፈጥሮን ሕግ ከኑሮ ልዩነት ጋር ስለሚያስተሳስር ታሪክ በራሱ ጊዜ ይወልዳል።

የመረጡትን መልስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ከፕላኑ አናት ላይ ያስቀምጡት።

ደረጃ 2፦ ክለቡ ከመከፈቱ በፊት ቦታው ምን እንደነበረ ይወቁ

በተጨናነቀ ከተማ ውስጥ ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራ አዳራሽ ብርቅ ነው፤ ክለብ የሚከፈተው ሌላ አገልግሎት የነበረው ቦታ ሲተው ነው። ለዚህ ዓይነቱ ከተማ ብዙ ፈጣሪዎች ዞር ብለው የሚያዩት እውነተኛ ምሳሌ ሆንግ ኮንግ ውስጥ የነበረው የካውሉን ቅጥር ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በተደረገው ቆጠራ በ2.6 ሄክታር መሬት ላይ 33,000 ያህል ሰዎች ይኖሩበት ነበር፤ የማፍረሱ ሥራ የተከናወነው በ1993 እና በ1994 ነው። ሕንፃዎቹ እርስ በርስ ስለተጣበቁ የታችኞቹን መተላለፊያዎች ፀሐይ አይደርስባቸውም ነበር፤ የውሃ ቱቦና የኤሌክትሪክ ገመድ ከአናት በላይ ተጠላልፎ ይታይ ነበር፤ ፈቃድ የሌላቸው የጥርስ ሐኪሞችና ትናንሽ ፋብሪካዎች ከመኖሪያ ቤቶች ሥር ይሠሩ ነበር። ከዚህ የሚወሰደው የግድግዳው መልክ ብቻ አይደለም። ሌላ ቦታ ፈቃድ የተነፈገው ሥራ ሁሉ እዚያ ቦታ ማግኘቱ ነው ቁም ነገሩ፤ የእርስዎም ክለብ በየትኛው የሕግ ክፍተት ውስጥ እንደቆመ መታወቅ አለበት።

ለዚህ መመሪያ ማሳያ እንዲሆነን ከመኖሪያ ሕንፃዎች ሥር የሚገኝ፣ የተተወ የከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ እንውሰድ። ርዝመቱ 40 ሜትር፣ ስፋቱ 18 ሜትር፣ ከፍታው 6 ሜትር ይሁን፤ ጣሪያውን በየ6 ሜትሩ የቆሙ የኮንክሪት ዓምዶች ይሸከሙት። መስኮት የለውም፤ የሚወረድበት አንድ ደረጃ አለው፤ ግድግዳው ላይ የድሮው የውሃ ከፍታ መስመር እስካሁን ይታያል። ይህን ሁሉ ያልኩት ለጌጥ ብዬ ሳይሆን እያንዳንዱ ነገር ድምፁን ስለሚለውጥ ነው።

ደረጃ 3፦ የክፍሉን ድምፅ በቅጡ ይሥሩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ደረጃ ነው። በመጀመሪያ ድምፁ በክፍሉ ውስጥ ሲያስተጋባ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ይወስኑ። በስፒከር ለሚጎላ ፈጣን ሙዚቃ የሚስማማው ወደ 1 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ማስተጋባት ነው። ባዶ የኮንክሪት ማጠራቀሚያ ግን ከዚህ እጅግ ይርቃል፤ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ፎርት ዎርደን ውስጥ በሚገኝ የተተወ የውሃ ማጠራቀሚያ ማስተጋባቱ እስከ 45 ሰከንድ እንደሚቆይ ይነገራል፤ ሙዚቀኞችም ይህንኑ ፈልገው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ እዚያ ገብተው ቀድተዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ ፈጣን ከበሮ ቢመታ አንዱ ምት ከሌላው ጋር ተደባልቆ ጉምጉምታ ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ የክለቡ ባለቤት ሁለት ምርጫ አለው። ክፍሉን መግራት ይችላል፤ ወፍራም መጋረጃ፣ የአሮጌ ፍራሽ ጥጥ፣ ከወደቡ የተሰበሰበ የሸራ ክምር ከጣሪያው ያንጠለጥላል። ጨርቅ ግን የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ እንጂ ወፍራሙን አይደለም፤ የ50 ሄርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት ወደ 7 ሜትር ስለሚጠጋ ስስ መጋረጃን ከምንም አይቆጥረውም። በዚህ የተነሣ ሲምባሉ (ከከበሮው ጋር የሚመታው የብረት ሳህን) ጠርቶ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) የሚንከባለልበት፣ ትንሽ የታፈነ ክፍል ይፈጠራል። ሁለተኛው ምርጫ ለክፍሉ መገዛት ነው፤ ሙዚቀኞቹ ማስተጋባቱን እንደ አንድ ተጨማሪ ተጫዋች ቆጥረው በዝግታ፣ በረጅም ኖታ፣ ዝምታ እያስገቡ መጫወት ይለምዳሉ፤ ከጊዜ በኋላ ያ አጨዋወት የሠፈሩ መለያ ይሆናል። ለከተማዎ አዲስ የሙዚቃ ስልት መፍጠር ከፈለጉ ስም ከማውጣት ይልቅ ከክፍሉ ይጀምሩ፤ ስልቱ ለምን እንደዚያ እንደሚሰማ ክፍሉ ያስረዳል።

ቀጥሎ ርቀቱን ያስሉ። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም ለእያንዳንዱ ሜትር 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ማለት ነው። ከመድረኩ 35 ሜትር ርቆ ከኋላ ግድግዳ ጋር የቆመ ሰው ከበሮ መቺው እጁን ሲያወርድ ያያል፤ ምቱን የሚሰማው ግን ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ በኋላ ነው። ስለዚህ መካከል ላይ ተጨማሪ ስፒከር የሚሰቅል የድምፅ ባለሙያ ከመድረኩ ከሚመጣው ጋር እንዲገጥም ድምፁን ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ይህ ባለሙያ የሚቀመጥበት ሚክሰር (ድምፆችን የሚያዋሕድበት ሰሌዳ) ከሕዝቡ መካከል ይሁን እንጂ ጥግ ላይ አይጣል፤ ሕዝቡ የሚሰማውን ካልሰማ ማስተካከል አይችልም። ብዙ ታሪኮች ይህን ሰው ይረሱታል። እኔ ግን ማን ከማን ጋር እንደቆመ፣ የትኛው ማይክሮፎን ክፍት እንደቀረ የሚያውቅ እሱ ስለሆነ ለታሪክ ከባር አሳላፊው የበለጠ ዋጋ ያለው ገጸ ባሕርይ ይመስለኛል።

አሁን ፕላኑ ላይ አምስት ነጥቦች ምልክት ያድርጉ፤ የመድረኩ ፊት፣ ሚክሰሩ፣ ባንኮኒው፣ መጸዳጃ ቤቱና ከላይ ያለው መንገድ። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሚሰማውን በሁለት መስመር ይጻፉ። ግድግዳና ወለል ቀጭኑን ድምፅ ሲያስቀሩ ወፍራሙን ስለሚያሳልፉ መጸዳጃ ቤት ውስጥ የሚሰማው የቤዝ ምት ብቻ ነው፤ ከላይ ባለው መንገድ ላይ ደግሞ የሚርገበገበው የጉድጓድ ክዳኑ ነው። ከማጠራቀሚያው በላይ የሚኖሩት ሰዎች በየምሽቱ ይህን ምት በአልጋቸው ውስጥ ይሰሙታል። ከእነሱ ጋር ክለቡ ምን ስምምነት አለው? መልሱ ለብቻው አንድ ምዕራፍ ሊወጣው ይችላል።

የድምፁን ጉልበት በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ቦታዎች ባወጣው መመዘኛ አማካይ ድምፅ በማንኛውም 15 ደቂቃ ውስጥ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። በዚህ ከፍታ ላይ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ረጅም ንግግር ሊነጋገሩ አይችሉም። ገጸ ባሕርያትዎ አፍን ከጆሮ አስጠግተው አጭር አጭር ቃል ይለዋወጡ፣ ወይም በዘፈኖች መካከል ያለውን ጸጥታ ይጠብቁ፣ አለዚያም በመንጋጋ ውስጥ የተተከለ መገናኛ ይጠቀሙ። ማንም ሰው ድምፁን ሳያነሣ አንድ ገጽ ሙሉ የሚያወራበት ክለብ ውስጥ ሙዚቃ የለም ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ መሣሪያዎቹንና ሙዚቀኞቹን ይምረጡ

የመጪው ዘመን መሣሪያ የግድ አዲስ መሆን የለበትም። ሰው ሳይነካው በእጁ እንቅስቃሴ ብቻ የሚጫወተው ቴርሚን የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1920 አካባቢ ነው፤ ዛሬም የሚያየው ሰው ከወደፊቱ የመጣ ይመስለዋል። የኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሚዲ የተባለው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ ሆኖ እስከ ዛሬ ይሠራል። ስለዚህ በከተማዎ ውስጥም የአንድ ሙዚቀኛ የነርቭ መሰኪያ በአስማሚ ተያይዞ ከአያቱ ዘመን ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ ከሚፈጥር መሣሪያ) ጋር ቢገናኝ የሚያሳምን ነው፤ ከአዲስ መሣሪያ ሁሉ የበለጠ ኑሮን የሚያሳየው እንዲህ ያለው ቅጥልጥል ነው። ሦስት ወይም አራት ሙዚቀኞች ይበቃሉ። ለእያንዳንዳቸው ምን እንደሚጫወቱ፣ መሣሪያው የማን እንደሆነና ሲሰበር ማን እንደሚጠግነው ይጻፉ፤ ባለ ሰው ሠራሽ እጅ ከበሮ መቺ ቢኖርዎት እጁ በዱቤ የተገዛ ከሆነ የዱቤው ጉዳይ ከፍጥነቱ ይበልጥ አስፈላጊ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሩቅ ያለ ሙዚቀኛን በሆሎግራም፣ ማለትም በብርሃን በተሠራ ምስል፣ ሲያቀርቡ ነው። አብረው የሚጫወቱ ሰዎች በመካከላቸው ያለው መዘግየት ከ25 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ ምታቸው መንሸራተት ይጀምራል። ብርሃን በኦፕቲካል ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 1,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ብቻ 5 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ይህ መሣሪያዎቹ የሚያባክኑትን ጊዜ አይጨምርም። በመሆኑም 8,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ጊታር ተጫዋች፣ ምንም ያህል ቴክኖሎጂ ቢራቀቅ፣ ከከበሮው ጋር ጠንክሮ ሊገጥም አይችልም፤ የብርሃንን ፍጥነት የሚያሻሽል ኩባንያ የለምና። ይህን ገደብ ቢያከብሩት ይጠቅምዎታል። እዚህ ክፍል ውስጥ በአካል መገኘት ትርጉም የሚያገኘው በእሱ ነው፤ ሩቅ ያለችው ተጫዋች ደግሞ ዝግ ያለ፣ ተንሳፋፊ ድምፅ ብቻ እንድትጫወት ማድረግ ይቻላል።

መድረክ ላይ የሚታየው የሰው ምስልም ውድ መሆን አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1862 ለንደን ውስጥ ጆን ሄንሪ ፔፐር ለሕዝብ ያሳየው ዘዴ፣ ማለትም 45 ዲግሪ ያዘነበለ መስታወት ከተመልካች የተደበቀን ሰው እንዲያንጸባርቅ ማድረግ፣ ዛሬም በስስ ፕላስቲክ ይሠራበታል። ደሃ ክለብ ይህንኑ ይጠቀም፤ ፕላስቲኩ ላይ ያለው ጭረት በሞተችው ዘፋኝ ፊት ላይ ሲያልፍ ይታይ።

ደረጃ 5፦ መብራቱን አሁን ይስቀሉ

የኒዮን መብራትን ጆርጅ ክሎድ ፓሪስ ውስጥ ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ንጹሕ ኒዮን የሚሰጠው ቀይ ብርቱካናማ ብርሃን ብቻ ነው፤ ሰማያዊው የሚገኘው ከአርጎንና ከሜርኩሪ ትነት ነው፤ ሌሎቹ ቀለማት በቱቦው ውስጥ ከሚቀባ ዱቄት ወይም ከባለቀለም መስታወት ይመጣሉ። ሁሉንም ቀለም በአንድ ጊዜ ከማብራት አንድ ዋና ቀለም ይምረጡ፤ ሁለተኛውን ለአንድ ዓላማ ብቻ ያስቀሩት፤ ለምሳሌ መውጫውን ወይም የአንድን ቡድን ወንበር ለማመልከት። የብርሃን ጨረር በአየር ውስጥ የሚታየው የሚያርፍበት ብናኝ ወይም ጤዛ ሲኖር ነው፤ ስለዚህ ጨረር ከሳሉ ጭሱን የሚያመርተውን ማሽን የት እንዳስቀመጡት ይወቁ። የሰው ዓይን ጨለማን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስለሚፈጅበት ከብሩህ መንገድ የወረደ ገጸ ባሕርይ ጥግ ላይ ያለውን ሰው ወዲያው አያየውም፤ ሲጠብቀው የቆየው ሰው ግን ያየዋል። ጌም የሚሠሩ ከሆነ ብልጭታው በሰከንድ ከ3 ጊዜ እንዳይበልጥ ያድርጉ፤ በብርሃን ለሚነሣ የሚጥል በሽታ የተጋለጡ ተጫዋቾች አሉ።

ደረጃ 6፦ ሙቀቱን፣ መጨናነቁንና መውጫውን ያስቡ

አንድ ሰው ዝም ብሎ ቆሞ እንኳ 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። 400 ሰዎች 40 ኪሎ ዋት፣ ሲጨፍሩ ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሰጣሉ ማለት ነው። በማጠራቀሚያው ውስጥ ላቡ ተንኖ ቀዝቃዛው ጣሪያ ላይ ጠብታ ይሆናል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላም በሙዚቀኞቹ ኬብል ላይ ይንጠባጠባል። ጊታሩ ከቃናው ይወጣል፤ ተጫዋቿ በዘፈኖች መካከል ታቃናዋለች። አየር የሚስበው ማራገቢያ ቢቆም ሁሉም ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያውቃል፤ ማራገቢያውን የሚቆጣጠር ሰውም ክለቡን ይቆጣጠራል።

ስለ መውጫ በሮች መጻፍ አሰልቺ ይመስል ይሆናል፤ እኔ ግን በፍጹም ሊዘለል አይገባም እላለሁ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1942 ቦስተን ውስጥ በኮኮናት ግሮቭ የምሽት ክለብ በተነሣው እሳት 492 ሰዎች ሞተዋል፤ ዋናው መግቢያ ተሽከርካሪ በር ስለነበር በሚሸሹ ሰዎች ተዘጋ፤ ከሌሎቹ በሮች አንዳንዶቹ ተቆልፈው ነበር፤ አንዳንዶቹም የሚከፈቱት ወደ ውስጥ ነበር። በልብ ወለድዎ ውስጥ ተኩስ ወይም እሳት ቢኖር ሰዎቹ በየት እንደሚወጡ ፕላኑ ላይ አስቀድሞ መታየት አለበት። ክለቡ ሁለተኛ መውጫ ከሌለው ይህን የሚያውቁ ሰዎች የት እንደሚቆሙ ያሳዩ፤ የቆዩ ሠራተኞች ሁልጊዜ ከደረጃው አይርቁም።

ደረጃ 7፦ ገንዘቡ በየት እንደሚያልፍ ይከታተሉ

በር ላይ ከሚከፈለው ውስጥ ለሙዚቀኞቹ የሚደርሰው ስንት ነው? ትርፉ የሚገኘው ከምንድን ነው? ከመጠጥ ከሆነ ሙዚቃው ሰው እስኪጠማ መጎተት አለበት፤ ከመግቢያ ክፍያ ከሆነ ሕዝቡ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። የኤሌክትሪኩ ቆጣሪ በማን ስም ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አጠር አድርገው ይመልሱና ይለፉ፤ የገንዘቡ ነገር ከገጸ ባሕርያቱ ንግግር ቢወጣ እንጂ በትረካ ባይተነተን ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ትዕይንቱን ከበሩ ይጀምሩ

ይህን ሁሉ ካዘጋጁ በኋላ ትዕይንቱን ሲጽፉ አብዛኛውን አይናገሩት። በድምፅ መከላከያነት የሚያገለግሉ ሁለት በሮች ያሉት መግቢያ በጣም ይረዳል፤ አንባቢው ድምፁን ደረጃ በደረጃ ያገኘዋልና። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ደረጃውን ስትወርድ እጇ የብረት መደገፊያው ላይ ነበር፤ ቤዙን ከጆሮዋ በፊት መዳፏ አወቀው። የመጀመሪያው በር ከኋላዋ ተዘጋ። በሁለቱ በሮች መካከል በረኛው ኮቷን ዳበሰና ሁለት የጆሮ መድፈኛ እጇ ላይ አኖረ። ሁለተኛው በር ሲከፈት ሙቀቱ ፊቷን መታት፤ ቀጥሎ ሲምባሉ መጣ፤ ከዚያ ዘፋኟ ከቃሉ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ተሰማት።»

እዚህ ውስጥ አንድም የቀለም ስም የለም፤ አንባቢው ግን ከመሬት በታች መሆኑን፣ ክፍሉ መጨናነቁንና ዘፋኟ በአካል መኖሯን ያውቃል። በጌም ውስጥም ያው ነው፤ ተጫዋቹ ወደ በሩ ሲቀርብ ቀጭኑ ድምፅ ቀስ በቀስ ይከፈት፣ ቤዙ ግን ከሩቅም ይሰማ። በኮሚክ ደግሞ የፊደሎቹ መጠንና ቅርጽ ይህን ሥራ ሊሠራ ይችላል።

ረቂቁን ሲጨርሱ መብራትና ቀለም የሚገልጹትን ቃላት ሁሉ ለጊዜው አውጥተው ያንብቡት። ክለቡ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚጫወትና ሰዎቹ ለምን እንደመጡ አሁንም ከታወቀ ቃላቱን ይመልሷቸው። ካልታወቀ ወደ ደረጃ 3 ተመልሰው አምስቱን ነጥቦች ይመርምሩ፤ ሁለት ቦታ ላይ የቆሙ ገጸ ባሕርያት አንድ ዓይነት ድምፅ እየሰሙ ከሆነ ማስመሪያውን አንሥተው በመካከላቸው ያለውን ርቀት እንደገና ይለኩ።